ፊቷን ከመውደዳችሁ በፊት ጀርባዋን አንብቡ፦ የድሮ ሴይኮ 5 ሰዓት ስትገዙ

[ምስል፦ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን፤ አንዷ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሌላዋ የደበዘዘ ብርማ]

ከሁለቱ የትኛዋን ትመርጣላችሁ? ብርቱካናማዋ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። የሚያስጠረጥራትም ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ሲኮ ፋይቭ የምትባለው ሴይኮ 5 የወጣችው በ1963 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። ጃፓኖቹ በብዛት ስለሠሯት ዛሬም በርካሽ ትገኛለች። ስለረከሰችም ከሦስት አራት ሰዓት የተለቀመ ዕቃ ገጣጥሞ መሸጥ የተለመደ ሆኗል።

[ምስል፦ የጀርባ ክዳን በቅርበት]

ገልብጧት። ክዳኑ ላይ በጭረት የተያያዙ ሁለት መለያዎች አሉ። የፊተኛው፣ ለምሳሌ 6119 ወይም 7009፣ የማሽኑ ነው። የኋለኛው የአካሏ ነው። ለብቻው የተቀረጸው ባለ 6 አሃዝ ተከታታይ ቁጥር ደግሞ የተሠራችበትን ጊዜ ይናገራል፤ አንደኛው አሃዝ የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አሃዝ፣ ሁለተኛው ወሩ። ከ1 እስከ 9 ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ዜሮ ኦክቶበር፣ "ኤን" ኖቬምበር፣ "ዲ" ዲሴምበር።

6119 ላይ 1 እና "ዲ" ካያችሁ ዲሴምበር 1971 ነው። 7009 ላይ 83 ከሆነ ግን ማርች 1978ም 1988ም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማሽን በሁለቱም አሥርት ዓመታት ተሠርቷል።

[ምስል፦ ከ6 ቁጥር በታች ያለው ደቃቅ ጽሑፍ በማጉያ]

አሁን ወደ ፊቷ። ከግርጌ፣ በማጉያ ብቻ የሚነበብ መለያ አለ። የፊተኞቹ አራት አሃዞች ከክዳኑ ጋር መግጠም አለባቸው። ቀሪዎቹ ባይገጥሙ አትደንግጡ፤ የፊቱ የራሱ መለያ ናቸው። ጽሑፉ ጨርሶ ከሌለ፣ የደቂቃ ምልክቶቹ በቁጥር ፋንታ ከተለጠፉት የሰዓት ዘንጎች ጋር ካልተሰለፉ፣ ወይም ፊደሎቹ ወፍረው ቀለማቸው ከፈሰሰ፣ ፊቱ እንደገና ተቀብቷል። ሙምባይ በዚህ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። የተቀባች ሰዓት መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ በኦሪጅናል ዋጋ መግዛት ነው ኪሳራው።

ቀኑ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ቢጻፍ ግን ስሕተት አይደለም። ለዓረብ አገሮች ገበያ የተሠሩት እንዲህ ናቸው።

[ምስል፦ ሰዓቷ በእጅ ስትወዛወዝ]

6119ም ሆነ 7009 መሙያቸውን በማሽከርከር አይሞሉም። አግድም ይዛችሁ ለግማሽ ደቂቃ አወዛውዟቸው። የሰከንዷ መርፌ በሰከንድ 6 ጊዜ ትረግጣለች፤ በሰዓት 21,600 ማለት ነው። ውስጧ ብረት ከብረት ሲፋቅ ከሰማችሁ፣ የሮተሯ፣ ማለትም እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቷን የሚሞላው ክብደት፣ ብሎን ላልቶ ይሆናል።

እውነተኛው ፈተና ግን አንድ ሙሉ ቀን አድርጎ፣ ማታ አውልቆ ማስቀመጥ ነው። ጤነኛዋ እስከ ማግስቱ ምሽት ትሄዳለች። ሌሊቱን ከቆመች ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ሠሪ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መለየቱ ገንዘብ ያተርፋል። ሞልታም ደካማ ከሆነች ዘይቷ ደርቋል፤ ተፈትታ ታጥባ እንደገና መቀባት አለባት። እጅ ላይ እያለች በኃይል ሄዳ፣ ካወለቃችኋት በኋላ ቶሎ የምትሞት ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠረው አሞላሉ ነው። ሮተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር፣ ሁለት ጥፍር ያላት አንዲት ማንሻ እየሳበች ሞላውን ታጠብቃለች። ጥፍሮቿ ከተበሉ ሮተሩ በከንቱ ይዞራል። ማንሻዋን መለወጥ ቀላል ነው፤ ከሌላ የሞተች ሰዓትም ይወጣል።

[ምስል፦ የቀን መስኮት]

ቀን መቀየር ላይ ብዙ ሰዓት ይሰበራል፣ በተለይ እኛ ዘንድ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ 31ን መዝለል፣ ጳጉሜን ሲያልቅም ወደ 1 መመለስ አለ። 6119 ላይ መሙያውን በመጫን፣ 7009 ላይ አንድ ደረጃ ስቦ በማዞር ይቀየራል። መርፌዎቹ በ9 እና በ4 መካከል ሆነው ቀኑ ሊገለበጥ በተቃረበበት ጊዜ ግን ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ ያኔ ብታስገድዱት ቀን የሚገፋው ጥርስ ይሰበራል። ሰዓታቸውን በሀበሻ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች "እኩለ ሌሊት አይደለም" ብለው ይሳሳታሉ። ማሽኑ የሚያውቀው መርፌውን እንጂ ፀሐይን አይደለም፤ ለእነሱ ቀኑ የሚገለበጠው ጠዋት ወይም ማታ 12 ላይ ነው። መፍትሔው አጭር ነው፦ መጀመሪያ መርፌዎቹን ወደ 6 ተኩል አውርዱ፣ ከዚያ ቀኑን ቀይሩ። ማታ የሚገለበጠውን ወደ ንጋት ለማዞር መርፌዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት ማስኬድ ይበቃል።

የክዳኑን ጎማ ሳታስለውጡ ውኃ አታስነኳት። ከዓመታት በኋላ ወይ ይደርቃል ወይ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። መስታወቷም ሃርድሌክስ፣ ማለትም ሴይኮ የሚጠቀምበት የጠነከረ መስታወት፣ ከሆነ በጥርስ ሳሙና አታሹት፤ ጭረቱ የሚለቀው ከፕላስቲክ መስታወት እንጂ ከእሱ አይደለም። ይለወጥ።