ከመቶ ሜትር ወዲህ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል ስለ ስደት ኑሮ ሳወራ፣ በአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት ሳለሁ አጋዘን አድን የነበረው በሽጉጥ ጥይት እንደሆነ በጨረፍታ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከቀረው ሁሉ የበለጠ ጥያቄ አመጣችብኝ። አንድ አድማጭማ «ሽጉጥ አጋዘን ይጥላል ብለህ አትቀልድብን» ብሎኛል። አልቀለድኩም። እንዲያውም ዛሬ የምከራከረው ከዚያ አልፌ ነው፤ ደከም ያለ ጥይትና አጭር ርቀት ከኃይለኛ ጠመንጃ የተሻለ አዳኝ ያወጣሉ ባይ ነኝ።

የምናገረው ዘበኛ ወገቡ ላይ ስለሚታጠቀው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አይደለም። ፎርቲ ፎር ማግነም ስለሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ለሪቮልቨር ሽጉጥ ተብሎ ስለወጣው ጥይት ነው። በብዛት የሚሠራበት አረር፣ ማለትም ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው የጥይቱ ጫፍ፣ 15 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። ከሽጉጥ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ነው። ያው ጥይት ከአጭር ጠመንጃ ሲተኮስ ግን፣ በርሜሉ ከሽጉጡ ስለሚረዝም የባሩዱ ጋዝ አረሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋዋል፤ ፍጥነቱም ከ500 ሜትር ያልፋል። እኔ የያዝኩት እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ነበር፤ ከቃታው ሥር ያለው እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ የሚቀባበለውን፣ የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ የሚያውቀውን።

ወደዚህ ያመጣኝ ምርጫዬ ሳይሆን ሕጉ ነው። የኦሃዮ አብዛኛው ክፍል ሜዳ ነው፤ የበቆሎ ማሳውና የሰው ቤት ተጎራብተዋል። ሩቅ የሚሄድ ጥይት የሳተ እንደሆነ ማን ደጅ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስለዚህ ለአጋዘን ለረጅም ጊዜ የተፈቀደው ሾትገን፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ቀስትና ትልልቅ ሽጉጥ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ወደ አፉ ሳይጠብ ቀጥ ያለ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃም ተጨመረ። የእኔ ጥይት ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነውና በዚህ በር ገባሁ። ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የአዳኞችን ትምህርት መውሰድ ግድ ነው። መሣሪያው ከሦስት ጥይት በላይ አይጎርስም። ብርቱካናማ ሰደርያም ይለበሳል፤ እሱን ለብሼ ዛፍ ሥር ስቀመጥ መንገድ ለመቆፈር የመጣሁ የቀን ሠራተኛ እመስል ነበር።

አሁን ወደ ርቀቱ። ማነጣጠሪያው መቶ ሜትር ላይ እንዲመታ ከተስተካከለ፣ ይህ ጥይት ሁለት መቶ ሜትር ሲደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ትከሻ ያለሙበት አረር እግር ይሰብራል፤ እግሩ የተሰበረ አጋዘን ደግሞ ጫካ ገብቶ ቀስ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ አዳኙ ሳይተኩስ በፊት የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ ከየት ወዲያ እንደማይተኩስ። የእኔ ወሰን መቶ ሜትር ነበር፤ ነፋስ ካለ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ብሎ ለራሱ የወሰነ ሰው ሌላውን ነገር ሁሉ ለመማር ይገደዳል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ አጋዘኑ በየትኛው መተላለፊያ ወደ ማሳው እንደሚወርድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የት ተቀምጦ መጠበቅ እንደሚሻል። በሦስት መቶ ሜትር የሚተኩሰው ሰው ይህን ባያውቅም መሣሪያው ይሸፍንለታል። ይህን ስል የሚከፋው ጓደኛ አለኝ፤ ይከፋው።

ጥይቱን እንሞላ የነበረው ራሳችን ነን። ያስተማሩኝ አብረን እንሠራ የነበሩ፣ በኋላ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሥራው በጋራዣቸው ውስጥ በክረምቱ በረዶ ወራት ይሠራል። ባዶው ቀለህ ይለቀማል፣ ይጸዳል። ተኩሱ ያሰፋው ወገቡ በብረት ቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። የተቃጠለችው እሳት ጫሪ ካፕሱል ከቂጡ ተገፍታ ትወጣና አዲሷ ትተካለች። ባሩድ ተመዝኖ ይጨመራል፣ አረሩ ይተከላል፣ በመጨረሻም የቀለሁ ከንፈር አረሩን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የአረሩ አፍንጫ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። በእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ጥይቶቹ በርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ሹል የሆነ እንደሆነ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል ወግቶ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል።

ባሩዱ የሚመዘነው በግሬይን ነው፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬይን ይበልጣል። አስቡት፣ በጣት ጫፍ የምትቆነጠረዋ ብናኝ ለውጥ ታመጣለች። በስህተት ሁለት ጊዜ ባሩድ የተጨመረበት ቀለህ ጠመንጃውንም እጅንም ይዞ ይሄዳል። ጨርሶ ባሩድ ያልገባበት ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ካፕሱሏ ብቻዋን አረሩን ትገፋውና በርሜሉ መሐል ትተወዋለች፤ ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ቀጣዩን ሲተኩስ በርሜሉ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ሽማግሌው ባሩድ የተቀበሉትን ቀለሆች በሙሉ በእንጨት ገበታ ላይ ደርድረው፣ አረር ከመትከላቸው በፊት እያንዳንዱን በባትሪ ብርሃን የሚያዩት። ሬዲዮ ይዘጋል። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ያነሣሉ፤ ዝም እላለሁ።

ቁጠባ አለው፤ ቀለሁ ደጋግሞ ይሞላል። ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። የገዙት ጥይት ሲስት ፋብሪካውን መርገም ይቻላል። ራስ የሞሉት ጥይት ሲስት የሚረገም ሰው የለም። አዲስ የባሩድ ልክ በሞላን ቁጥር ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄደን ወረቀት ላይ እንፈትሻለን፤ በሃምሳ ሜትር ስንት ጣት እንደተበተነ፣ በመቶ ሜትር ስንት። መቶ ሜትር የሚለው ወሰን የመጣው ከዚያ ወረቀት ነው። አንድ ማለዳ ከማሳው ማዶ ቀንዱ እንደ ዛፍ የተንሰራፋ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ። አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ አዩት፣ ርቀቱን በዓይናቸው ለኩ፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ቡናቸውን ቀዱ። ምንም አላሉም።

ስለ ሥጋው ለጠየቃችሁኝ፤ የጠመንጃው አደን ሳምንት የሚውለው አሜሪካኖች በኅዳር ከሚያከብሩት የምስጋና ቀን በኋላ ነው። ያ ደግሞ ሁልጊዜ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ ያደንኩትን ሳልቀምስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቼ ገናን እጠብቃለሁ፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ይስቁ ነበር። ስብ የሌለው ሥጋ ነውና ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል። አክስቴ ግን «በስመ አብ ብሎ የባረከው ማን ነው?» ብላ እስከ ዛሬ አልቀመሰችም። ተውኳት፤ በእምነቷ ልክ ናት።

አሁን የምኖረው ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው። ከላያችን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጥዱን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። የምኒልክ ድኩላ አለበት፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሲደነግጥ የሚጮኸው ድምፅ ውሻ የሚያስመስለው። እዚህ ግን አላድንም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም። የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝንም መሥራትንም ይከለክላል። ስለዚህ በመልእክት «እዚህ ጥይት መሙላት አስተምረን» ያላችሁኝ መልሴ አይሆንም ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት የአያታቸውን ውጅግራ ያስታውሳሉ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው፣ «ግራ» (Gras) የተባለው የፈረንሣይ ጠመንጃ ነው፤ አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ። 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ በጠባዩ ከእኔ ጥይት ጋር ይዛመዳል። የሚጎርሰው አንድ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ጥይቱ ራሱ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የሳተ ሰው በእጁ ያለውን ብር በትኖ እንደመጣ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን በዘፈቀደ ሩቅ የሚተኩስ አዳኝ የነበረ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ስተርክላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ መቶ ሜትር ትላለህ፤ የዱር አሳማው ሌሊት ድንቼን ሲቆፍር እኮ ከአጥሩ እስከዚህ ድረስ ነው» አሉኝ። ለእሳቸው ርቀት ችግር ሆኖ አያውቅም። እኛ ሰፈር አሳማ የሚባረረው ቆርቆሮ በመምታት ነው፤ በተራ። ዛሬ ሌሊት ተራው የእኔ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።