ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከአገልግሎት መስክ ለእረፍት የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የላኪ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ ልጆቻችሁን የላካችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለዚህ ቀን ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ቀጣዩ ዓመት እቅድ አላወራም። እሱን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ያቀርበዋል። እኔ የማወራው ሚሲዮናውያኖቻችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ነው። የእሁዱን ሁላችንም በፎቶ አይተነዋል። ጥምቀቱን፣ ጉባኤውን፣ ዝማሬውን። የሰኞውን ግን ፎቶ የሚያነሳው የለም። ለምንልካቸው ሰዎች በደንብ መጸለይና በደንብ መቆም ከፈለግን ሰኞን ማወቅ አለብን።

ሰኞ በቋንቋ ይጀምራል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ለማስተማር ወደ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ሙሉ ደመወዝ እየከፈለ፣ በቀጠራቸው መምህራን። የኛ ሰው ይህንኑ የሚማረው ቤት እየፈለገ፣ ልጅ እያሳደገ፣ መታወቂያ እያወጣ ነው። በአገሩ ሲናገር ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጠው የነበረ ሰባኪ፣ እዚያ ሲደርስ ሐኪም ቤት ገብቶ የቱ ጋ እንዳመመው እንኳ በጣቱ ነው የሚያሳየው። ይህ ትሕትናን ያስተምራል እንላለን። እውነት ነው። ግን ደግሞ በጣም ያደክማል።

ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ከመስክ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ከሐሳቤ አልጠፋም። የሰባት ዓመት ልጅ በር ላይ ቆማ ለአባቷና ለአከራያቸው ታስተረጉማለች። አከራዩ ይናገራል፤ እሷ አባቷን ቀና ብላ ታያለች። “አባዬ፣ ካልጨመራችሁ ውጡ እያለ ነው” ትለዋለች። አባትዬው የሚመልሰውን ቃል እንኳ ከእሷ አፍ ነው የሚዋሰው። በደብዳቤው ላይ ይህ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ቀሪው ገጽ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሪፖርት ነው። እኔ ግን ከዚያ ሁለት መስመር ማለፍ አቃተኝ።

ከዚያ የወረቀት ጉዳይ አለ። ብዙ አገሮች ለሚሲዮናዊ ቪዛ አይሰጡም። ስለዚህ ሰዎቻችን በመምህርነት፣ በነርስነት፣ በንግድ ሥራ ይገባሉ። አዲስ ነገር አይደለም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ዊልያም ኬሪም በ1793 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሕንድ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት የኖረው የጨርቅ ማቅለሚያ ኢንዲጎ የሚመረትበትን ፋብሪካ እያስተዳደረ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ሥራው የእውነት ሥራ መሆን አለበት። ለይስሙላ ቢሮ ከፍቶ የማይሠራ ሰው ጎረቤት በሁለት ወር ውስጥ ይነቃበታል። “ይሄ ሰው በምንድነው የሚተዳደረው?” የሚለው ጥያቄ አንዴ ከተነሳ፣ ስለ እውነት የሚናገረውን ማን ይሰማዋል? ነርስ አድርገን ከላክናት፣ ጥሩ ነርስ ሆና እንድትሠራ ጊዜውን እንስጣት። የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረችበትን ሳምንት “አገልግሎት አልነበረም” ብለን አንቁጠርባት።

የሐዋላ መዘግየትን፣ የምንዛሪ መዋዠቅን፣ ኢንተርኔት መጥፋትን አልዘረዝርም። ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን ከባለቤቱ ከአን ጋር በ1813 በርማ፣ የዛሬዋ ሚያንማር፣ ገባ። የመጀመሪያው በርማዊ አማኝ የተጠመቀው በ1819 ነው። ስድስት ዓመት! እስቲ ያንን ዘመን ዛሬ ለመስክ በምንልከው የሪፖርት ቅጽ ሙሉት። በየሩብ ዓመቱ “ስንት ሰው አመነ?” ይላል። መልሱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ስድስት ዓመት ይሄዳል። ስንቶቻችን ድጋፋችንን እንቀጥል ነበር? በእነዚያ ዓመታት ግን ጀድሰን ቁጭ ብሎ ቋንቋውን ይማር፣ ይተረጉም ነበር። በኋላ ሲታሰር አን የትርጉሙን ረቂቅ ትራስ ውስጥ ደብቃ ነው ያተረፈችው። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ በርማ ቋንቋ ተርጉሞ የጨረሰው በ1834 ነው።

በዚህ ነገር አስቴር ጋኖን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በባርነት የተሸጠች ልጅ ነበረች። ነፃ ከወጣች በኋላ ምፅዋ አጠገብ በነበረው የእምኩሉ ሚሲዮን ተማረች። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ፣ ቃላቱን የሰበሰበችለት፣ ቋንቋውን ያቃናችለት እሷ ናት። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን ሁሉ ጻፈች። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ። የእሷ የየዕለት ሥራ ምን ነበር? ቃል መልቀም። ይህን በሪፖርት ቅጻችን የትኛው ሳጥን ውስጥ እናስገባዋለን?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቅጹን እንቀይረው። ቁጥሩ ይኑር፤ ቁጥር አልጠላም፤ ተጠያቂነትም ያስፈልጋል። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ “ቤተሰብ እንዴት ነው?” ይሁን። ሁለተኛው “ምን ያስፈልጋችኋል?” ይሁን። መልሱም ሳያፍሩ የሚጻፍ ይሁን። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ከዚያ ሁሉ ትልቅ ትምህርት መካከል፣ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጠይቋል። ከክረምት በፊት ድረስልኝም ብሎታል። በርዶታል፣ ሰው ናፍቆታል፣ ጠየቀ። የኛም ሰዎች ማሞቂያ ተበላሽቶብናል፣ ትዳራችን ደክሟል፣ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ ብለው ሊጽፉልን ይገባል። ድጋፍ ይቋረጥብኛል ብለው እየፈሩ ግን አይጽፉም። ፍርሃቱን ማንሳት የኛ የላኪዎቹ ሥራ ነው።

የኬሪን ቤት አስታውሱ። ሕንድ በገቡ በዓመቱ ገደማ ልጁ ጴጥሮስ ሞተ። ባለቤቱ ዶሮቲ አእምሮዋ ታወከ፤ እስከ ሞቷ ድረስም አልዳነችም። እሱ በአጠገቧ ባለው ክፍል ይተረጉም ነበር። እኛ ዛሬ አማካሪ አለን፣ ስልክ አለን፣ አውሮፕላን አለ። እንዲህ ያለ መከራ በማኅበራችን ቤተሰብ ላይ ቢደርስ ብቻቸውን የሚሸከሙት መሆን የለበትም።

ለእረፍት ስለሚመለሱትም አንድ ነገር ልበል። በአውሮፕላን በገቡ ማግስት መድረክ ላይ አናውጣቸው። ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሰብስበው የሆነውን ተናገሩ፤ ከዚያም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ብዙ ቀን ተቀመጡ። እኛ መናገሩን ወስደን መቀመጡን ረስተነዋል። በተለይ ልጆቹ። “ቤታችሁ ገባችሁ አይደል?” እንላቸዋለን። ለእነሱ ቤታቸው ጓደኞቻቸው ያሉበት እዚያ ነው። ይህን ስላሉ አገራቸውን ጠሉ ማለት አይደለም። እየጠየቅናቸው ዝም ብለን እንስማቸው።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በሙሉ ከመስክ ለመጡት ቤተሰቦች ሰጥተናል። የሰዓት ገደብ የለም፤ ስላይድም የለም። ወላጆች ሲናገሩ ልጆቹ በጎን ባለው ክፍል ከወጣቶቻችን ጋር ይሆናሉ፤ መናገር የሚፈልግ ልጅ ካለም ወንበር ይዘንለታል። ስለ ቅጹ ያቀረብኩት ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። እስከዚያ ድረስ ተወያዩበት፣ ተከራከሩበትም።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያውን ቤተሰብ ወደ ፊት እጋብዛለሁ።