ኤሊው ተኝቶ ሲውል

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ስለ ኤሊ እንዳወራ የጋበዛችሁኝ፣ ከመካከላችሁ ለልጆቻቸው ትንሽ ኤሊ የገዙ ስላሉ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

የምሠራው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ኤሊ ያለው ሰው ሲደውል ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ታሞ ይሆን?» እኔም «የኤሊው ቤት ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው ለክቶ አያውቅም።

ኤሊ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት እያመነጨ አይኖርም፤ ከውጭ ነው የሚያገኘው። ሲሞቀው ይሄዳል፣ ይበላል፣ የበላውም ይፈጭለታል። ሲበርደው ይህ ሁሉ ይዳከማል። ስለዚህ ኤሊው ሲፈዝ መጀመሪያ የሚመረመረው ቤቱ ነው። ለእኛ የሚመቸን 21 ወይም 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሳሎን ለእሱ ብርድ ነው።

እዚህ አሜሪካ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ ሱልካታ የሚባለው ነው። ትውልዱ ከሰሃራ በስተደቡብ፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው ደረቅ ምድር ነው። የአገራችን ልጅ ነው ማለት ነው። ዱር ያለው ዘሩ ለመጥፋት ተቃርቧል፤ ይህም ልቤን ይነካኛል። ከእንቁላል ሲወጣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍጥረት ነው። በዚያ ዕድሜው አሞራም እባብም ይበላዋል። ስለዚህ መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ጠዋት ወጥቶ ሞቆ፣ በልቶ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ተመልሶ ጎሬው ቢገባ አትደንግጡ። ደህና ነው።

በተቃራኒው፣ የቤቱን መስታወት እየቧጠጠ ሲመላለስ የሚውል አለ። «የኛ እኮ ንቁ ነው!» ይሉኛል። መስታወት ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ወዲያ ማዶ እያየ ማለፍ አቅቶት ነው። ጠቦት ወይም ሙቀቱ በዝቶበትም ሊሆን ይችላል። የመስታወቱን የታችኛውን ክፍል በወረቀት ሸፍኑለት፤ ብዙዎቹ በዚያው ይረጋጋሉ።

ቤቱ እንዲህ ይሁን። መሞቂያው አምፖል ሥር ከ35 እስከ 38 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ 27 ገደማ። ሌሊትም ለትንሹ ከ26 ባይወርድ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ኤሊው ጀርባ ከፍታ ላይ ለኩ። ዩቪቢ የሚባለውን፣ ፀሐይ ውስጥ ያለውን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ አምፖልም ያስፈልገዋል። ያለሱ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ካልሲየም ብትሰጡትም አጥንቱ አይጠነክርም። «መስኮት አጠገብ አስቀምጬዋለሁ» አይበቃም፤ መስታወቱ ያንን ጨረር ያስቀረዋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ውሃ። ትንሹን ኤሊ በየቀኑ ለብ ያለ፣ አገጩን የማያልፍ ውሃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡትና አጠገቡ ሁኑ። መጀመሪያ ፀጥ ይላል። ቀስ ብሎ አንገቱን ይዘረጋል፣ አፍንጫውን ይነክራል፣ ከዚያ ጉሮሮው ሲላወስ ታያላችሁ። እየጠጣ ነው! ብዙ ጊዜ እዚያው ይጸዳዳል። የሚወጣው ነጭ ነገር ለስላሳ ከሆነ መልካም ነው። እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ አንሶታል። «የበረሃ እንስሳ ነው፣ ደረቅ ይሁን» የሚለው ምክር ብዙ ኤሊ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ቅርፊታቸው እንዲጎረብጥ ይበልጥ የሚያደርገው የምግቡ ፕሮቲን ሳይሆን የአየሩ መድረቅ መሆኑን አሳይቷል። ዱር እያለም የሚደበቀው እርጥበት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ምግቡ ቀላል ነው፤ ሣር፣ የዱር ቅጠል፣ የበለስ ቁልቋል። ፍራፍሬና የውሻ ምግብ አትስጡት።

ቤቱ ተስተካክሎም ምግብ እምቢ ካለ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ዓይኑ አብጦ ከተዘጋ፣ ወይም ሲሄድ ሆዱን ከመሬት ማንሳት ካቃተው፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ኤሊ አያክምም፤ ስትደውሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጆች፣ ለእናንተ ሥራ አለኝ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ኤሊያችሁን በግራም በሚለካ ሚዛን መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ። ሚዛኑ የእሱ ብቻ ይሁን፤ ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ ብዙ ቢተኛም አትጨነቁ። ለተከታታይ ሳምንታት ከቀነሰ ለእናትና ለአባታችሁ ንገሩ። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ደብተሩንና የቤቱን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ እነዚህ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ እየሰማሁ ነው።