በሐኪም እርዳታ የሚሞት ሰው እንዴት ይመዘገባል? የኦሪገን ሁለት ወረቀቶች

[በስክሪኑ ላይ፦ ያልተሞላ የሞት ምስክር ወረቀት]

የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት፣ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም የተባለ ሕመምተኛ ሐኪም ባዘዘለት መድኃኒት ሕይወቱን በገዛ እጁ እንዲያበቃ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትፈቅዳለች። ሰውዬው ሲሞት ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። በምን ሞተ? ለምንስ ይህን መረጠ? መልሶቹ የሚጻፉት በተለያዩ ወረቀቶች ላይ ነው፤ በየክርክሩ ቁጥር የሚምታታውም እነዚህ ሲቀላቀሉ ነው።

መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀቱን እንይ። የምክንያት ክፍሉ ከላይ ወደ ታች ይሞላል፦ ከላይ ለሞት ያደረሰው የመጨረሻው ሁኔታ፣ ከሥሩ እሱን ያመጣው፣ ታች ደግሞ ነገሩን ሁሉ የጀመረው ሕመም። ስታቲስቲክሱ መነሻ ምክንያት ብሎ የሚይዘው ይህን የታችኛውን ነው። የግዛቲቱ ጤና ባለሥልጣን ሐኪሞችን የሚመክረው መድኃኒቱን ሳይሆን ሕመሙን እንዲጽፉ፣ የአሟሟት ዓይነት በሚለው ቦታም «ተፈጥሯዊ» ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ነው። ሕጉም ድርጊቱን ራስን ማጥፋት አይለውም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተሞላው ክፍል በቅርበት]

እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ሐኪሙ «ካንሰር» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ መዝገቡ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ቦታው ያልታወቀ ዕጢ ወደሚገባበት ኮድ፣ ወደ ሲ80 ይሄዳል። «የቆሽት ካንሰር» ቢል ግን ሲ25 ይሆናል። «ልቡ ቆመ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ምንም አለመጻፍ ነው፤ ልቡ ሳይቆም የሚሞት የለም።

እንግዲህ ይህን ወረቀት ብቻ የያዘ ተመራማሪ በሐኪም እርዳታ የሞተውን ከሌላው መለየት አይችልም። ስዊዘርላንድ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ እነዚህን ሞቶች ራስን ከማጥፋት ጋር ትቆጥር ነበር። ከ2009 ጀምሮ መነሻው ሕመም ይያዛል፣ የእርዳታ ሞቶቹም ለብቻቸው ይወጣሉ። የሁለቱን ዘመን አሃዝ በአንድ መስመር የሚያስቀጥል ሰው ያልሆነ ለውጥ ያያል።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት እንምጣ፤ «ለምን» የሚመለሰው እዚህ ነው። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ሕመምተኛው በሞተ በ10 ቀን ውስጥ የክትትል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ሰባት ስጋቶችን ይዘረዝራል፦ ራስን ችሎ መኖር አለመቻል፣ ሕይወትን የሚያስደስቱ ነገሮችን ማድረግ አለመቻል፣ ክብር ማጣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ለቤተሰብ ሸክም መሆን፣ የሕመም ሥቃይ፣ እንዲሁም የሕክምና ወጪ። በእያንዳንዱ ፊት «አዎ»፣ «አይ» ወይም «አላውቅም» ይመረጣል።

ጤና ባለሥልጣኑ ያወጣው የ2023 ሪፖርት 367 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ራስን አለመቻል 92 በመቶ፣ የሚያስደስቱ ነገሮችን ማድረግ አለመቻል 88፣ ክብር ማጣት 64። ሦስቱ ብቻ ተደምረው 244 ይሆናሉ። ስህተት አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብዙ «አዎ» ይቻላል። ስለዚህ «ዋናው ምክንያት ይህ ነው» የሚል ርእስ ስታዩ ተጠራጠሩ፣ ቅጹ የቱ ክብደት እንዳለው አይጠይቅምና።

ሌላው፣ መላሹ ሟቹ አይደለም። ሐኪሙ በቀጠሮዎቹ ከሰማው ተነስቶ ነው የሚሞላው፤ ሰዓቱ ሲደርስ አልጋው አጠገብ እንዲገኝም ሕግ አያስገድደውም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሕመም ሥቃይ ጥያቄው]

በእኛ ግምት ትልቁ ጉድለት የሕመም ሥቃይ ጥያቄው ላይ ነው። ሪፖርቱ «በቂ ያልሆነ የሕመም ማስታገሻ፣ ወይም ስለዚሁ ስጋት» ብሎ ያወጣዋል። ዛሬ በሥቃይ የሚያቃስተውና ወደፊት እንዳይሠቃይ የሚፈራው በአንድ ሳጥን ገቡ ማለት ነው። በ2023 ሲሶ ገደማው እዚህ ተቆጥሯል። የማስታገሻ ሕክምና አንሶ እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ የጤና ዕቅድ አውጪ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ተመልሶ ለመለየትም አይቻልም፤ ሪፖርቱ ከወጣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ዋናዎቹ ሰነዶች ይወገዳሉ።