መጀመሪያ ቦርሳውን መዝኑት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ለብዙ ጊዜ ሳወጣ ሳወርደው ስለቆየሁት ነገር ነው። ድንኳኑን፣ ምግቡንና ውሃውን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ ላይ የሚያድር ሰው፣ የመጀመሪያ ላርጅ ፎርማት ካሜራውን እንዴት ይምረጥ?

ላርጅ ፎርማት ስል ባለ 4 በ5 ኢንቹን ማለቴ ነው። ፊልሙ ጥቅልል አይደለም። ለአንድ ፎቶ አንድ ቅጠል ፊልም ነው። ስፋቱ ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከ13 እጥፍ በላይ ይሆናል። ፎቶውን በትልቁ አሳትማችሁ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት፣ ማዶ ገደል ላይ ያለችው ዛፍ ቅርንጫፏ ይቆጠራል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ይለከፋል። እኔ ተለክፌአለሁ።

ሰዎች ሲጠይቁኝ የሚጀምሩት ከካሜራ ስም ነው። «ቻሞኒ ይሻላል ወይስ ኢንትሬፒድ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው «ቦርሳህ አሁን ስንት ኪሎ ነው?» ብዬ ነው። ጥያቄ መሸሼ አይደለም። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። ቀላል የሚባል የእንጨት ካሜራ 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ሌንስ ከነሹተሩ፣ ማለትም ለብርሃኑ ከሚከፈትና ከሚዘጋው ክፍል ጋር፣ ሩብ ኪሎ። ፊልም ሆልደር አንዱ የሚይዘው ሁለት ፊልም ብቻ ነው፣ በፊትና በጀርባው። አሥር ፎቶ ለማንሳት አምስት ሆልደር መሸከም አለባችሁ፣ እሱም ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ጠንካራ ትራይፖድ ከነጭንቅላቱ 2 ኪሎ። ጥቁር ጨርቁ፣ ማጉያው፣ የብርሃን መለኪያው፣ ፊልም መቀየሪያ ከረጢቱ ደግሞ ተደማምረው ግማሽ ኪሎ። ይኸው 5 ኪሎ አለፈ። ገና ድንኳን አልገባም። ስሊፒንግ ባግ አልገባም። ውሃም የለም።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ደመናው ይቋጥርና መብረቅ ይጀምራል። ከዛፍ ወሰን በላይ የወጣ ሰው ከቀትር በፊት መውረድ አለበት፤ በዚህ ቀልድ የለም። ስለዚህ ሸክም ሲከብድ የሚጎዳው ትከሻ ብቻ አይደለም። አረማመዳችሁ ይዘገያል። ስትደርሱ ያ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን አልፏል፣ ነፋሱም ተነስቷል። ነፋስ ደግሞ የዚህ ካሜራ ጠላት ነው። አኮርዲዮን የመሰለው ቤሎውስ ነፋሱን ይይዘዋል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶው ይበላሻል።

በ1873 ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰን እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ «ማውንት ኦፍ ዘ ሆሊ ክሮስ» የሚባለውን፣ በረዶው መስቀል የሚሠራበትን ተራራ ሊያነሳ ማዶ ያለውን ኖች ማውንቴን ወጣ። የእሱ ዘመን ፎቶ በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ እዚያው ተራራ ላይ በኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅ ይነሳል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ማለትም ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ጨለማ ክፍሉንም ጭምር ነው ይዘው የወጡት። በቅሎ የማይደርስበትን ሰው ተሸከመው። ጉም ሸፈናቸውና ተራራው ላይ አድረው በማግስቱ ጠዋት ነው ያነሱት። ስለዚህ ሰው ሳስብ የሚገርመኝ ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ምን ይዞ ምን ትቶ እንደሚወጣ አስቀድሞ አስልቶ ነበር።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ብዙ ሰው ለጀማሪ የሚመክረው ሞኖሬል ነው። እንደ ሲናርና ካምቦ ያሉት፣ በአንድ ብረት ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተቱት። ያገለገለ ሲሆን ርካሽ ነው። ሁሉም እንቅስቃሴ አለው፣ ያዘነብላል፣ ይዞራል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። «እሱ ላይ ተማር፣ ከዚያ ቀላሉን ትገዛለህ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለስቱዲዮና ለሕንፃ ፎቶ ከሆነ ወደር የለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ ከ3 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ተጣጥፈውም ቦርሳ ውስጥ አይመቹም። ተራራ የሚወጣ ሰው መማር ያለበት እዚያው ተራራ ላይ፣ ጣቱ ቀዝቅዞ፣ በሚሸከመው ካሜራ ነው።

ክራውን ግራፊክ? የድሮ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ካሜራ ነው፣ ከ1947 እስከ 1973 የተመረተ። ሲዘጋ ጠንካራ ሳጥን ይሆናል፣ ትንሽ ሌንስ ከነበረው ውስጡ ይቀመጣል። እወደዋለሁ። ችግሩ ሌንሱን ወደፊት ለማዘንበል አለመመቸቱ ነው። ለተፈጥሮ ፎቶ ደግሞ ከሁሉም እንቅስቃሴ የማልተወው ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኢንዲያን ፒክስ የሚባሉት ተራሮች ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ከፊቴ ኮለምባይን፣ ማለትም የኮሎራዶ አበባ የሆነችው ነጭና ሰማያዊዋ፣ መሬቱን ሸፍናዋለች። ማዶ ጫፉ ላይ በረዶ ያለበት ተራራ። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ከኋላ ያለውን ደብዛዛ መስታወት አየሁ። እዚያ ላይ ተራራው ተዘቅዝቆ፣ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው የሚታየው። አበቦቹ ላይ ፎከስ ሳደርግ ተራራው ጠፋ። ተራራው ላይ ሳደርግ አበቦቹ ጠፉ። ከዚያ ሌንሱን የያዘውን የፊት ሰሌዳ በጥቂት ዲግሪ ወደፊት አዘነበልኩት። ፎከሱ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ተነጠፈ። እግሬ ሥር ካለችው አበባ እስከ ማዶው ጫፍ ሁሉም ጠራ። የዚህ ሕግ ስም የሚጠራው በኦስትሪያዊው የጦር መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ነው። እሱ በ1904 ፓተንት ሲያወጣ የሚያስበው ከአየር ላይ ስለሚነሱ የካርታ ፎቶዎች ነበር። እኔ ግን አበባ ባነሳሁ ቁጥር አመሰግነዋለሁ።

ስለዚህ ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ይዘንበል፣ ከፍ ዝቅም ይበል። ለመንገደኛ ይህ ይበቃዋል። የኋላው ሰሌዳ ባይንቀሳቀስም ግድ የለም። ይህን የሚያሟሉት ታጣፊዎቹ የእንጨት ካሜራዎች ናቸው። ኢንትሬፒድ እንግሊዝ ብራይተን ውስጥ የሚሠራ ነው፣ 1.2 ኪሎ ገደማ፣ ከአዲሶቹም ዋጋው ለኪስ የሚቀለው እሱ ነው። ቻሞኒ የቻይና ነው፣ እንጨትና ካርቦን ፋይበር፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ሲቆለፍ ግን ንቅንቅ አይልም። ታቺሃራ የጃፓን የቼሪ እንጨት ሥራ ነው፣ ያገለገለ ካገኛችሁ እዩት። ሊንሆፍ ቴክኒካ የብረት ነው፣ እጅግ የሚያምር፣ ግን ከ2.5 ኪሎ በላይ ነው። እንጨት ሌላም ጥቅም አለው። ጎህ ሲቀድ ጣት አያቃጥልም።

እኔ የያዝኩት ቻሞኒ ነው። አቅም ካጠረ ግን ኢንትሬፒድ ገዝታችሁ የተረፈውን ገንዘብ ፊልም ላይ አውሉት።

ሌንስ አንድ። 150 ሚሊ ሜትር፣ መክፈቻው 5.6። በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቢታሰብ 45 አካባቢ ነው፣ ዓይናችን ለሚያየው ቅርብ። በኋላ ሁለተኛ ስትፈልጉ 90 ወይም 240 ጨምሩ። 300 ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀላል ካሜራዎች ብዙዎቹ ቤሎውሳቸው የሚዘረጋው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ነገር ላይ ፎከስ አይደርስላችሁም። ያገለገለ ስትገዙ ሹተሩን 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡት። ከተንቀራፈፈ ወይም መሃል ላይ ከቆመ አትግዙ። ቤሎውሱንም ጨለማ ክፍል ውስጥ በውስጥ በኩል ባትሪ አብሩበት። እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ካያችሁ ቀዳዳ ነው።

ፊልም መሙላትን ቤት ውስጥ ብርሃን ላይ፣ በተበላሸ ፊልም፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱ። ድንኳን ውስጥ፣ እጃችሁ ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ የምትተማመኑት በጣታችሁ ብቻ ነው። የፊልሙ አንድ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ፊልሙን ቁመቱ ወደ ላይ ሆኖ ስትይዙት ጥርሶቹ ከላይ በቀኝ በኩል ከሆኑ፣ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ እናንተ ዞሯል። የዳርክ ስላይዱ፣ ማለትም ሆልደሩ ላይ ፊልሙን ከብርሃን የሚሸፍነው ስስ ሰሌዳ፣ ነጭ ወገን ወደ ውጭ ከሆነ ገና ያልተነሳ ነው፣ ጥቁሩ ከሆነ የተነሳ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ አድርጉት።

አንዲት አድማጭ ስለ ሰሜን ተራሮች ጠይቃኛለች። እህቴ፣ ሰላም ሆኖ ስንገባ እዚያ ሒሳቡ ይለያል። ከደባርቅ በቅሎ ተከራይቶ በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። ሸክሙን በቅሎዋ ከያዘችልሽ ከባድ ትራይፖድና ሁለተኛ ሌንስ አይቆጩም። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ግን ፊት ለፊትሽ ጅብራ ካለ ማዘንበሉን እርሺው። ጅብራ ረጅም ነው፣ ሥሩ ጠርቶ ጫፉ ይደበዝዛል። ሰሌዳውን ቀጥ አድርገሽ መክፈቻውን 32 ላይ ዝጊና ነፋሱ እስኪቆም ጠብቂ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይም ፊልሙን ለብቻው ይዘሽ፣ በሲቲ ስካነር እንዳያልፍ በእጅ እንዲፈትሹልሽ ለምኚ። አዲሶቹ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ። የፊልሙን ካርቶን ግን ማንም እንዳይከፍተው።

በሚቀጥለው ክፍል እነዚህን ፊልሞች ቤቴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደማጥባቸው አወራችኋለሁ። ካሜራ የገዛችሁ ካላችሁ ቦርሳችሁ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።