ከቴሌስኮፑ አጠገብ የሚቆም ሰው

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ መምህራን፣ ተማሪዎች። በዚህ በደሴ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

ነገሬን በቀጥታ ልናገር። ወሎ ውስጥ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሰማይ ምልከታ ምሽት እንዲጀመር እፈልጋለሁ። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም መጥቶ በቴሌስኮፕ ያያል፣ ምን እያየ እንደሆነም አጠገቡ ቆሞ የሚነግረው ሰው አለ። እኔ ከመሣሪያው በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ሰው ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች። ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ ጨረቃ ለምን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም? መልሱ ቀላል ነው፣ ያን ቀን ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር አንሳ ታየች፣ ዳርዳሩም ተረፈ። ቀላል ነው፣ ግን ያኔውኑ እዚያው ቆሞ የሚነግር ከሌለ ሰው ጥያቄውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዘርላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ሳልት የሚባል በጣም ግዙፍ ቴሌስኮፕ ተተክሏል። ማታ የሚመጣው እንግዳ ግን በሱ አያይም፣ እሱ የተመራማሪዎች ነው። ለእንግዳ የተለዩ ትንንሽ ቴሌስኮፖች አሉ፣ አስጎብኚው ሰማዩን እያሳየ ያወራል፣ ሰው በተራ በተራ ያያል። እኛም አገር እንጦጦ ላይ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ 2 ቴሌስኮፖች አሉ። የላሊበላ አካባቢ ተራሮችም ለኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም ለትልቅ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ፣ ሲጠኑ ቆይተዋል፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ፣ የከተማ መብራትም የራቀው። ይሠራ፣ ደስ ይለኛል። እስኪሠራ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለብንም። ቴሌስኮፕ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ አብሽሩ። ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን 4 ጨረቃዎች ያየበት መሣሪያ ዛሬ ተማሪ ከሚገዛው ትንሽ ቴሌስኮፕ የማይሻል ነበር።

ሰማዩ ደግሞ አለን። ወሎ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ ስለዚህ በሰሜን በኩል የዋልታ ኮከብን ዝቅ ብሎ እናያለን፣ ግንቦት አካባቢ ደግሞ በዚያው ምሽት በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት እናያለን። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም፣ ኬፕታውን ያለው የዋልታ ኮከብን አያይም። እኛ ሁለቱንም። ብቻ ደሴ መሀል ሆኖ ተራሮቹ ይጋርዳሉ፣ አድማሱ የተከፈተ ከፍታ እንፈልጋለን።

ሳተርን የምትባለውን ፕላኔት በቴሌስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ አያምንም። «ሥዕል ለጥፋችሁ ነው እንዴ?» ይላል። ያን ጊዜ ጥሩ አስጎብኚ አይከራከርም። ቴሌስኮፑን ሰማዩን እያስከተለ የሚያዞረውን ሞተር ያጠፋና «አሁን እያዩ ይጠብቁ» ይላል። ሳተርን ቀስ እያለች ከዳር ወደ ዳር ትሄድና ትወጣለች። የሄደችው ግን እሷ አይደለችም፣ ምድር ናት እኛን ይዛ የዞረችው። ምድር መዞሯን በመጽሐፍ ሲያነብ የኖረ ልጅ እዚያ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ለዚች ለአንዲት ደቂቃ ስል ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

አስጎብኚው ደግሞ የፊዚክስ መምህር ብቻ መሆን የለበትም። ረመዳን ሲቃረብ ጨረቃን የሚጠባበቁ አባቶች አሉን። በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን የሚያወጡ ሊቃውንት አሉን። እነሱም በዚያ ምሽት ይናገሩ፣ ልጆች ከሁለቱም ይስሙ።

ባለፉት ዓመታት ሌሊት ለብዙዎቻችን የስጋት ሰዓት ነበር። ልጆቻችን ጨለማን በሌላ ነገር እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ክረምት ደመና ነው፣ በልግም አያስተማምንም፣ ስለዚህ ኅዳር ላይ እንጀምር። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይሁን፣ ጥላው የጨረቃን ጉድጓዶች አጉልቶ ያሳያል፤ ሙሉ ስትሆን ግን ፊቷ ልሙጥ ይመስላል፣ ከዋክብቱንም ትሸፍናለች። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃልና ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ ባትሪ የያዘ ሰው ቀይ ፕላስቲክ ይሸፍንበት። የከተማው አስተዳደር በአካባቢው ያለውን የመንገድ መብራት ለ2 ሰዓት ቢያጠፋልን ትልቅ ውለታ ነው። ሴት ልጆች መሽቷል ተብለው እንዳይቀሩ ደግሞ መመለሻ መኪና የግድ ነው፣ እናቶችም አብረው ይምጡ።

ከፍ ያለ ግቢ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ዛሬውኑ ንገሩን። ለማስጎብኘት ፈቃደኛ የሆናችሁ መምህራን ከመውጣታችሁ በፊት በሩ ጋ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጋቢ አትርሱ።