አንዱን መንታ ሲጥለው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከቱሉ ዲምቱ፦ «መንታ ወንዶች ልጆች አሉኝ። አንዱን የሚጥል በሽታ ያዘው። ሌላውንም ይይዘው ይሆን?»

ከአንድ እንቁላል የተገኙ ከሆኑ ዘረመላቸው አንድ ስለሆነ ዕድሉ ከፍ ይላል። ከሁለት እንቁላል ከሆኑ ግን እንደማንኛውም ወንድማማች ናቸው። ያም ሆኖ ቁርጥ አንድ የሚመስሉ መንቶች ሆነው አንዱ ብቻ የሚታመምበት ብዙ ነው። መነሻው ማጅራት ገትር ወይም የጭንቅላት ጉዳት ከሆነ ደግሞ የደረሰው በእሱ ላይ ነው፤ ወንድሙን አይነካም። ለጤነኛው ልጅ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ መድኃኒት እንዳታካፍሉት። ፍዝዝ ብሎ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ፣ ጠዋት ሲነሳ እጁ ድንገት እየተወረወረ ብርጭቆ የሚጥል ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ከሰበታ፦ «መንታ መሆን በራሱ ያመጣዋል?»

አያመጣም። መንቶች ላይ የሚበዙት ያለጊዜ መወለድ፣ የክብደት ማነስና በምጥ ጊዜ መታፈን ናቸው አንጎልን የሚጎዱት። መንታ ያረገዘች እናት ቤት አትውለድ።

ከለገጣፎ፦ «ልጁን ሲጥለው ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን፣ ማንኪያ እናስነክሰዋለን። መንታ እህቱንም እንዳይጋባባት እናርቃታለን።»

እባካችሁ ክብሪቱን ተዉት! አብዛኛው መንቀጥቀጥ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ የሚመሰገነው ለዚህ ነው። የሚያተርፈው ግን የተቃጠለ ከንፈርና መተንፈስ ያቃተው ሳንባ ውስጥ የገባ ጭስ ነው። ምላስ አይዋጥም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ስባሪው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ከከሰል ምድጃው አርቁት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፣ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፤ አረፋው በአፉ ይፍሰስ። አትጫኑት። ሰዓት እዩ፦ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በደንብ ሳይነቃ ውኃ አታጠጡት። በአረፋ የሚጋባ በሽታ አይደለም፤ እህቱን አታባርሯት፣ ሰዓት መያዝ አስተምሯት።

ከቡራዩ፦ «ልጃችንን ሦስት ወር አልጣላትም፣ ጠበልም ጀምራለች። ኪኒኑን እናቁም?»

አታቁሙ። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ። መቀነስ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይጥላት ሲቆይ ነው፤ ያውም በሐኪም፣ ቀስ በቀስ። ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ከገላን፦ «ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮዬት የተባለውን ኪኒን እየወሰድኩ መንታ አረገዝኩ።»

እህቴ፣ ይህ መድኃኒት ጽንስን ይጎዳል፤ በራስሽ ማቋረጡም አንቺንም ጽንሶቹንም ያሰጋል። ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ የኪኒኑን እሽግ ይዘሽ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ።